የመድን ካሣ የአጥፊውን ዕዳ የማይሰርዝ ስለ መሆኑ

ሰው ንብረቱን መድን የሚያስገባው ድንገተኛ ጥፋት እንዳያደኸየው ነው እንጂ ያጠፋበት ሰው ሳይጠየቅ እንዲቀር ብሎ አይደለም። ነገር ግን የመድን ኩባንያ ካሣውን ከከፈለ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህም አሳብ የተሳሳተ ከመሆኑ በላይ ባለንብረቱን ሊጐዳው ይችላል።

በጉለሌ ከእንጦጦ ጋራ የሚወርደው ቍልቍለት በሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች መካከል ያልፋል። ለምሳሌ ያህል አንድ የጭነት መኪና በዚሁ ቍልቍለት ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ከአንድ ባለሱቅ ቤት ገብቶ 300,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ቢያጠፋ፥ ባለሱቁም መድን የገባ ቢሆን፥ በውሉ ራሱ እንዲሸከመው የተወሰነው 20,000 ብር ተቀንሶ 280,000 ብር ከኩባንያው ይቀበላል። የመኪናው ባለቤት ግን በዚህ ምክንያት ከዕዳ ነፃ አይወጣም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጕዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በቍጥር 2086ም ጥፋት የለብኝም በማለት ብቻ ከኀላፊነት ሊያመልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ፍሬኑ እንቢ አለኝ ማለት ምክንያት አይሆነውም።

እንግዲህ ይህን ዕዳ የሚጠይቀው ማን ነው? በዚያው ዓመት የታወጀው የንግድ ሕግ በቍጥር 683 ለዚህ መልስ ይሰጣል። ካሣውን የከፈለው ኩባንያ በውሉ መሠረት፥ በከፈለው ገንዘብ ልክ፥ በባለሱቁ እግር ተተክቶ አጥፊውን ይጠይቃል። የሕግ ዐዋቂዎች ይህን መዳረግ ይሉታል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በወጣ ጊዜም ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው ክፍል እንደ ጸና ቀርቷል።

የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው። ባለሱቁ ከኩባንያውም ከባለመኪናውም ሙሉውን ቢቀበል፥ ለአንድ ጥፋት ሁለት ካሣ ወስዶ በጕዳቱ ይበለጽግ ነበር። ኩባንያው ከፍሎ ዝም ቢል ደግሞ፥ የአጥፊው ዕዳ መድን በገቡት ሰዎች መዋጮ ላይ ይወድቅ ነበር። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21ና 22 ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ፥ እሳትም አንድዶ የሌላውን እህል ያስበላ ሰው እንዲከፍል ታዝዟል። አጥፊው ይክፈል የሚለው ፍርድ እንግዲህ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆኖም ሕጉ በቤተ ሰብ መካከል ጠብ እንዳይነሣ ጥንቃቄ አድርጓል። ጕዳቱን ያደረሰው የባለንብረቱ ወላጅ ወይም ልጅ፥ ሠራተኛው ወይም አብሮት የሚኖር ሰው ሲሆን፥ በክፋት ያደረገው ካልሆነ በቀር ኩባንያው ሊጠይቀው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የዕርቅ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ጕዳት በደረሰ ጊዜ ሽማግሎች ይገባሉ፤ ባለመኪናውም ይቅርታ ይለምናል፤ ባለሱቁም አዝኖለት ምሬዋለሁ ብሎ ይፈርማል። ዕርቁ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ሕጉ ባለንብረቱ በሠራው ሥራ ኩባንያው አጥፊውን መጠየቅ ቢያቅተው፥ ባለንብረቱ ለኩባንያው ተጠያቂ እንዲሆን አዝዟል። ባለሱቁ ከገዛ ድርሻው ከ20,000 ብር ላይ ቢምር ምጽዋቱ የራሱ ነው። 280,000 ብሩን ቢምር ግን ለራሱ ያልቀረውን ገንዘብ መማሩ ስለ ሆነ፥ ደግነቱ በራሱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመለስበታል።

ስለዚህ መድን የገባ ሰው ጕዳት በደረሰበት ጊዜ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማስታወቅ፥ ለፖሊስም ማመልከት፥ የምስክሮችን ስምና የመኪናውን ታርጋ ቍጥር መያዝ ይገባዋል። አጥፊውን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የተወሰነው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2143 በጠቅላላው 2 ዓመት ስለ ሆነ፥ ማስረጃውን ማዘግየት አይበጅም።

ሕዝብ ለዕርቅ የሚያምናቸው ካህናትና በየቀበሌው ያሉ ሹማምንት ደግሞ ከመታረቂያው ወረቀት በፊት አንድ ጥያቄ ቢያስቀድሙ መልካም ነው፤ ይኸውም፦ ይህ ንብረት መድን አለውን? መድን ካለው ልቡናን ያስታርቁ፤ የገንዘቡን ነገር ግን ኩባንያው ሳይሰማ አይዝጉት። እንዲህ ሲሆን ዕርቁም ይጸናል፤ የታረቀውም ሰው በደግነቱ አይከሰስም።