ስለ ጣውላ ወለል አሠራርና አጠባበቅ

ከቀበና እስከ ኮተቤ ባለው የየካ ሠፈር የሚኖር ሰው የክረምቱን እርጥበትና የሌሊቱን ብርድ በሚገባ ያውቀዋል። የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፥ ከግርጌው ያለው መሬት በክረምት ወራት ውሃ እንደ ጠገበ ይሰነብታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ገንዘብ ያገኘ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚመኘው የአፈሩን ወለል በጣውላ መለወጥ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ጣውላ ስለ ተነጠፈ ብቻ ቤቱ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። በደንብ ያልተሠራ የጣውላ ወለል፥ በደንብ ከተያዘ የአፈር ወለል ይልቅ ጤናን የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የቁንጫ እንቁላል ከእንስሳና ከመኝታ ላይ ረግፎ ወለል ላይ ይወድቃል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ብርሃን የሚሸሽ በመሆኑ በጣውላዎች መካከል ባለው ስንጥቅ ገብቶ ከአቧራው ጋር የተቀላቀለውን እድፍና የደረቀ ደም እየተመገበ ያድጋል። ከዚያም በራሱ ድር ተጠቅልሎ ብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይቆያል፤ የሰው እግር ወለሉን ሲያናውጠው ግን ወዲያው ይወጣል። ባዶ የነበረ ቤት የተከራየ ሰው በገባበት ዕለት በቁንጫ የሚወረረው ስለዚህ ነው። ከጣውላው በታች ያለውን ጨለማ ስፍራ ደግሞ አይጥ ካገኘው ይራባበታል፤ በአይጥ ቁንጫ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ የተስቦ ዓይነትም አለ።

እንግዲህ ጥሩ ወለል ማለት ከላይ ስንጥቅ የሌለበት፥ ከታች አየር የሚዘዋወርበትና አይጥ የማይገባበት ነው።

ስለ እንጨቱ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ላይ ከከተሙ በኋላ የአካባቢው ጥድ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ ስለ ተመናመነ፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ በብዙ ይኮማተራል፥ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃል። ማናቸውም ጣውላ ቢሆን ሳይደርቅ ሊነጠፍ አይገባም። በጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ይደርደር፤ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ስለ አነጣጠፉ።

1ኛ/ ሥራው በበጋ ይሁን። በክረምት የተነጠፈ እርጥብ ጣውላ በታኅሣሥና በጥር ሲደርቅ ሰፊ ስንጥቅ ይከፍታል።

2ኛ/ ሞራሌው በአፈር ላይ ሳይሆን በድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ፤ በአፈር ላይ ከተኛ እርጥበትና ምስጥ ያጠፉታል።

3ኛ/ በመሠረቱ ትይዩ ግድግዳዎች የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ይተው። ትንሽ አይጥ 6 ሚሊሜትር ያህል በሆነ ክፍተት ሊሾልክ ስለሚችል፥ ቀዳዳው ከዚህ በጠበበ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

4ኛ/ ጣውላው በክረምት ስለሚያብጥ በግድግዳው ዙሪያ 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ይተውና በዞኮሎ ይከደን። ይህ ካልተደረገ ወለሉ ተነሥቶ ያብጣል።

ስለ አጠባበቁ። በደረቁ መጥረግ አቧራውን ወደ ሳንባ ይመልሰዋልና በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ውሃ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው፤ በስንጥቁ ወርዶ ሞራሌውን ያበሰብሳል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ በማግሥቱ ይነሣ። ስንጥቅ የታየ እንደ ሆነ በቀጭን እንጨት ይደፈን።

ወለሉን በሰም መቀባት ስንጥቁን ስለሚዘጋና እርጥበትን ስለሚከላከል ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሰሙን ከቤንዚን ጋር በእሳት ላይ ማቅለጥ ለሕይወት የሚያሠጋ ነገር ነው፤ የቤንዚን ትነት ከሩቅ እሳት ይስባል። የተዘጋጀ የወለል ሰም ይገዛ፤ በሚቀባበት ጊዜም መስኮቱ ይከፈት፥ እሳት በቤት ውስጥ አይኑር። ለቡና የሚቀርበው የከሰል ምድጃም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ከሰሙ ሳይጠፋም በር ተዘግቶ አይተኛ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃው ሰው ከጣውላው ውፍረት ይልቅ መሠረቱንና የአየሩን ቀዳዳ ያስቀድም። ይህን እንኳ የማይችል ቢሆን ጣውላውን ለጊዜው ትቶ የአፈሩን ወለል ደልድሎና ለስኖ በንጽሕና ይያዝ። መምህራንም የጣውላውን ሚዛንና የቁንጫውን አኗኗር ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ትምህርቱ ከልጆቹ ጋር ወደየቤቱ ይገባል።