የአዋሽ ውኃና የቆቃ መዘውሮች

ዛሬ የኤሌክትሪክ መሥመር የአገራችንን ጣቢያዎች ስላያያዘ፣ በአዳማ ማታ የሚበራውን አምፑል ያበራው የትኛው ጣቢያ እንደ ሆነ ለይቶ ለመናገር አይቻልም። ነገር ግን ኃይል እንዴት እንደሚመነጭ ለማወቅ ለሚሻ ተማሪ በቅርባችን ያለው የቆቃ ግድብ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቆቃ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል ነው። ከእርሱ በፊት በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ከ7 ሺህ ኪሎዋት አይበልጥም ነበርና በዚያን ጊዜ ቆቃ እንደ ታላቅ ነገር ቢታይ አያስደንቅም።

የመኪናው አሠራር እንዲህ ነው። በግድቡ የታጎረው ውኃ በወፍራም ቧንቧ ወርዶ ተርቢን የሚባለውን መዘውር ይመታል። ከተርቢኑ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች መካከል ሲሽከረከር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኃይሉ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በውኃው ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ። በየሴኮንዱ 1 ሜትር ኩብ ውኃ 10 ሜትር ቢወርድ፣ የሚባክነው ሳይቈጠር፣ 98 ኪሎዋት ይሰጣል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። የእህል ወፍጮ በተነሣ ቊጥር በመሥመሩ ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች ሁሉ ትንሽ ይከብዳቸዋል፤ ፍጥነታቸውም ሊቀንስ ይላል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያው የውኃውን በር ጨምሮ ይከፍታል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዙር ሊኖረው ስለሚገባ ይህ ጥበቃ ሌሊትና ቀን አያቋርጥም።

ከቆቃ የወጣው ውኃ ሥራው አላለቀም። ወደ ታች ወርዶ አዋሽ ሁለተኛንና አዋሽ ሦስተኛን ያዞራል። እነዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 እና በ1971 የተሠሩ ሲሆን እያንዳንዳቸው 32 ሺህ ኪሎዋት ናቸው። የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው።

በአዳማ ኮረብቶች ላይ የምናያቸው የነፋስ መዘውሮች በሁለቱ ጣቢያዎች ተደምረው እስከ 204 ሺህ ኪሎዋት ሊያመነጩ ይችላሉ፤ ከቆቃ አራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ታዲያ ስለ ቆቃ ምን አስጨነቀን ይባል ይሆናል። ነፋስ በፈቀደው ጊዜ ይነፍሳል እንጂ በጎተራ አይከተትም። የቆቃ ሐይቅ ግን ጎተራ ነው፤ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ያቆያል።

ይህ ጎተራ ነው ዛሬ እየጠበበ ያለው። ከላይኛው አዋሽ ማሳዎች ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው አፈር ሐይቁ ውስጥ ሲደርስ ውኃው ስለሚረጋ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በስድሳ ዓመት ውስጥም የሐይቁን ብዙ ስፍራ ይዞበታል። ያረጀ ተርቢን በአዲስ ይለወጣል፤ ደለሉን ቆፍሮ ማውጣት ግን እጅግ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ለቆቃ መኪናዎች ከሚደረገው ጥገና አንዱ ክፍል ከጣቢያው እጅግ ርቆ፣ በላይኛው አዋሽ በገበሬው ማሳ ላይ የሚሠራው እርከን ነው። የሞጆ ወንዝም ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል፤ በክረምት ድልድዩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የውኃው ቀለም የሚሸከመውን አፈር ያሳየዋል።