የቅጥር ደብዳቤው ምን ይላል?

አዲስ ተመራቂዎች አግኝተውኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሲቪ ነው። ስንት ገጽ ይሁን፣ ፎቶ ይለጠፍበት ወይ፣ ጂፒኤ ይጻፍ ወይስ ይቅር። ሰው ስቀጥር ለኖርኩት ለእኔ ይህ ቀላል ነው፤ ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ፎቶው ይቅር፣ ማንም አይፈልገውም። ስለ ቅጥር ደብዳቤ የሚጠይቀኝ ግን አላጋጠመኝም። ሲቪ የሚያገለግለው ሥራ እስኪገኝ ነው። ደብዳቤው ግን ለዓመታት ይከተላል።

በቅርቡ ለሒሳብ ሠራተኛነት ካመለከቱት መካከል አንዷ በቃለ መጠይቁ ሁሉንም በለጠች። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር አሳምራ ታውቃለች፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያውን ፊታችን ቁጭ ብላ ሠርታ አሳየችን። ማስታወቂያችን ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ እሷ ሦስት ዓመት ሠርታለች። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ስንገልጠው ግን የሥራ መደቡ «ጸሐፊ» ይላል፤ ደመወዝ አልተጻፈበትም፤ ስለ ሥራ ግብር አንድም ቃል የለውም።

«ግብር ይቆረጥብሽ ነበር?»

«በእጅ ነበር የሚሰጡኝ ጋሼ። ለአንቺም ይሻልሻል ብለውኝ ነው።»

አልተሻላትም። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣን ወይም አራት ኪሎ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙዎቹ ግርጌ ላይ «ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚል መስመር አለ። ያንን መስመር እኔ ብወድም ባልወድም መዝለል አልችልም፤ የቅጥር ኮሚቴው አለ፣ በኋላ የሚመጣው ኦዲተር አለ። ሦስት ዓመቷ ዜሮ ሆኖ ተቆጠረ።

ከግብሩ ሌላ ጡረታውም ስለሚቀር፣ «በእጅ» የሚለው ነገር በሒሳብም አያዋጣም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን 700 ብር ተረፈኝ ብሎ የተደሰተው ልጅ በየወሩ 1,800 ብር በስሙ ሳይገባለት ይቀራል። አሠሪው ግን የራሱን 1,100 ብር ኪሱ አስቀርቷል። ለማን እንደተሻለ ግልጽ ነው።

ሕጉ ለጀማሪ ክፉ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። «ስድስት ወር እንሞክርህና እናያለን» ተብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ልጅ ግን በየቦታው አለ። እኔም የምበላው ከአሠሪው ወገን ተቀምጬ ነው፤ ይህን በመጻፌ ቅር የሚላቸው የሙያ ባልደረቦች አይጠፉም።

ልጆቹ ስለ ደብዳቤው የማይጠይቁት ስለማያውቁ ብቻ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። ሥራውን ያገኘው በአጎቱ ወዳጅ በኩል ከሆነማ ደብዳቤውን እየደጋገመ ማንበብ ውለታ መርሳት መስሎ ይታየዋል። መጠየቂያው ጊዜ «ተቀብለንሃል» ከተባለ በኋላ፣ ከመፈረም በፊት ነው። ቃሉም ከባድ መሆን የለበትም፤ «ቤት ወስጄ አንብቤው ነገ ጠዋት ፈርሜ ላምጣው?» ቢል ይበቃል። አንዲት ሌሊት የሚከለክል አሠሪ ጠባዩን ከወዲሁ አሳይቷል። ዋናውን ዲግሪ ለማመሳከር ይዞ መሄድ ተገቢ ነው፤ «እኛ ጋ ይቀመጥ» ከተባለ ግን ኮፒውን ትቶ ዋናውን ይዞ መመለስ ነው።

ብዙ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚሰጠው ሲለቅ ብቻ ይመስለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ግን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይሰጠው ይላል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ። ትናንሽ ድርጅቶች ይዘጋሉ፣ ባለቤታቸው ይቀየራል፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ መደቡም ሆነ ደመወዙ በተቀየረ ቁጥር፣ እዚያው እየሠሩ ሳለ፣ አዲሱን ማስረጃ ጠይቆ መውሰድ ነው።