መዓዛው ደስ ሲለን ልኩን አንርሳ

በአሁኑ ጊዜ ጠቆር ባሉ ትንንሽ ጠርሙሶች የታሸጉ መዓዛማ የዕፅዋት ዘይቶች በየኮስሞቲክስ መደብሩ ይታያሉ። ላቬንደር፣ ቲ ትሪ፣ ፔፐርሚንት፣ ሮዝመሪ፣ የዕጣን ዘይት እየተባሉ ይጠራሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም በስጦታ ይዟቸው ይመጣል። ብዙ ጊዜ አብሯቸው የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይጎዳም» የሚል። የእግዚአብሔር ፍጥረት መልካም እንደ ሆነ እናምናለን። ነገር ግን በርበሬም ተፈጥሯዊ ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እነዚህን ዘይቶች ከመቀባታችን በፊት ምንነታቸውን እንወቅ።

ከምግብ ዘይት በምን ይለያሉ?

ወጥ ሲፈላ በድስቱ ክዳን ሥር የሚጠራቀመውን ጠብታ ታውቁታላችሁ። አብዛኞቹ መዓዛማ ዘይቶች የሚገኙት ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። እንፋሎት በቅጠሉ፣ በአበባው ወይም በሙጫው ውስጥ ያልፍና መዓዛውን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ውሃው ለብቻ፣ ዘይቱ ለብቻ ይሆናል። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ግን በአብዛኛው ከልጣጩ ተጨምቆ ይወጣል።

አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 ኪሎ በላይ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። ይህ ዘይቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ ያሳየናል። የወይራና የሰሊጥ ዘይት ቅባቶች ናቸው፤ የጠርሙሱ መዓዛማ ዘይት ግን የብዙ ዕፅዋት ኃይል በአንድ ጠብታ የተጠራቀመበት ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው።

«የመጽሐፍ ቅዱስ ዘይት» ነውን?

አንዳንድ ሻጮች የከርቤና የዕጣን ዘይትን በዚህ ስም ያቀርባሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ላይ ስለ ቅብዓት ዘይት እናነባለን። በዚያ 500 ሰቅል ከርቤ፣ 250 ሰቅል ቀረፋ፣ 250 ሰቅል የጠጅ ሣር፣ 500 ሰቅል ብርጉድ፣ ከአንድ ኢን የወይራ ዘይት ጋር ተዋሐደ። ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ቅመሙ ለብቻው ሳይሆን በወይራ ዘይት ውስጥ ነው፤ መጠኑም በቁጥር ተወስኗል። ሁለተኛ፣ ያ ዘይት ለመገናኛው ድንኳንና ለካህናቱ የተለየ ስለ ነበር ማንም ለገላው እንዳይቀባው ተከልክሎ ነበር። ለውበት ስለ መቀባት ከጠየቃችሁኝ የአስቴር መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ስድስት ወር በከርቤ ዘይት ስለ ተደረገ እንክብካቤ ይናገራል። ያዕቆብ 5፥14-15 ደግሞ ተስፋውን ያኖረው በጌታ ስም በሚቀርበው የእምነት ጸሎት ላይ እንጂ በዘይቱ ዓይነት ላይ አይደለም። ስለዚህ የቆዳ ዘይትን እንደ ቆዳ ዘይት እንያዘው።

ምን ይጠቅማሉ?

በ1990 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ 124 ብጉር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ግማሾቹ 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ያለበትን፣ ግማሾቹ ደግሞ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለውን የታወቀ የብጉር መድኃኒት ተጠቀሙ። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። ቲ ትሪው ቀስ ብሎ ቢሠራም ቆዳን በማድረቅና በማሳከክ ያነሰ ነበር። ልብ በሉ፤ የተጠቀሙት 5 በመቶውን እንጂ ንጹሑን ዘይት አይደለም።

የላቬንደር መዓዛ ብዙ ሰዎችን ያረጋጋል። ባልና ሚስት ከድካም ቀን በኋላ አንዱ የሌላውን ትከሻ በቀጠነ የላቬንደር ዘይት ቢያሸው ለቆዳውም ለፍቅሩም መልካም ነው። ሆኖም ከሁለት አንዳችሁ አስም ካለባችሁ መዓዛው ሊቀሰቅሰው ስለሚችል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ልኩ እንዴት ነው?

1. በፍጹም ሳይቀጥን አትቀቡ። ለፊት በአንድ የሻይ ማንኪያ የወይራ፣ የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ይህ 1 በመቶ ያህል ነው። ለሌላው ሰውነት ሁለት ጠብታ ይሁን። በውሃ ማቅጠን አይቻልም፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ እንዳለ ቆዳን ያገኘዋል።

2. ሞክሩ። የቀጠነውን በክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል በትንሹ ቀብታችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ። ቢቀላ፣ ቢያሳክክ ወይም ቢያቃጥል ያ ዘይት ለእናንተ አይደለም።

3. ቀረፋና ቅርንፉድ ቆዳን በጣም ያቃጥላሉ። የእነርሱን ዘይት ፊት ላይ አትቀቡ።

4. ጠርሙሱን ከድናችሁ ከብርሃንና ከሙቀት አርቁ። አየር እየገባበት የቆየ የላቬንደር፣ የቲ ትሪ ወይም የሎሚ ዘይት ባሕርዩ ይለወጥና አለርጂ ያስነሣል። ሽታው ከተለወጠ ለቆዳ አትጠቀሙበት።

ሎሚና ፀሐይ

ማድያት ለማጥፋት ሎሚ የሚቀቡ እኅቶች አሉ። በሎሚ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ፤ ከልጣጩ በተጨመቀው ዘይት ደግሞ ይበረታል። ቃጠሎው በእኛ መልክ ላይ ሲድን ጠቁሮ የሚቆይ ምልክት ይተዋል። ማድያትን ልታጠፋ የወጣች እኅት ሌላ ጥቁረት ጨምራ ትመለሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ሎሚም የሎሚ ዘይትም አትቀቡ። ማድያትን የሚያባብሰው ፀሐይ ስለሆነ ጥላና ባርኔጣ ይበልጥ ይረዳሉ።

እናቶችና ሕፃናት

ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለን መታጠን የለመድነው ነው። የጠርሙሱ የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ከቅጠሉ ጋር አይወዳደርም። ሕፃን ልጅ ጥቂት ቢውጥ እንኳ ራሱን ሊስትና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። የባሕር ዛፍ፣ የፔፐርሚንትና የካምፎር ዘይትን በሕፃን አፍንጫ ወይም ደረት ላይ መቀባት ትንፋሹን ሊያውክ ይችላል፤ ስለዚህ አትቀቡ።

ጠርሙሱን እንደ መድኃኒት ቆልፉበት። ልጅ ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡና ሐኪም አሳዩ። ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙ። የምታጠቡ እናቶችም ጡታችሁ ላይ አትቀቡ።

ሐኪም የሚያስፈልገው ጊዜ

ሁሉም የቆዳ ችግር በዘይት አይመለስም። የማይድን ቁስል፣ የሚሰፋ ሽፍታ ወይም መልኩን የሚቀይር ነጠብጣብ ካለ ሐኪም ይየው። በተለይ ፈዘዝ ያለና ስትነኩት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በሚዋጥ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፤ ሲዘገይ ግን እጅና እግርን ያሽመደምዳል። በዘይት እያሹ ወራት ማሳለፍ ያንን ጊዜ መስረቅ ነው። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ እንደ አለርት ያሉ የቆዳ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም አሉ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ወገኖቼ፣ ሰውነታችን በአደራ የተሰጠን ነው። አደራን የሚጠብቅ ሰው ሲሰጥም ሲቀባም ይመጥናል። ባሎችም ይህን ገጽ ለሚስቶቻችሁ ብቻ አትተዉት፤ የልጆቻችሁን ደኅንነት የሚጠብቀው ጠርሙሱ የተቀመጠበት ቦታ ነውና ዛሬ ማታ አብራችሁ እዩት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።