ጠባሳና የቆዳ ጥቁረት በቤት ውስጥ እንዴት ይታከማል?

በጅቡቲ ከተማም ሆነ በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖች ከምንኖር ስደተኞች መካከል ብዙዎቻችን በሰውነታችን ላይ የቃጠሎ፣ የእከክ ወይም የመንገድ ቁስል ምልክት አለብን፡፡ ይህን ለማጥፋት ተብሎ ከገበያ የሚገዛ ቅባት ከጠባሳው የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ጥቂት ለማስረዳት እንሞክራለን፡፡

ጥቁረትና ጠባሳ አንድ አይደሉም፡፡ ብጉር ወይም እከክ ሲድን የሚቀረው ጠፍጣፋ ጥቁር ምልክት ቆዳው ሲቆጣ ብዙ ቀለም በማመንጨቱ የመጣ ነው፡፡ በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ሆኖም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፡፡ የሚያዘገየው ፀሐይና ማከክ ስለሆነ በነጠላ መከለልና ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል፡፡ ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ግን ቆዳን አቃጥሎ ጥቁረቱን ይጨምራል፡፡ በረኪናማ ለልብስ እንጂ ለፊት አልተሠራም፡፡

ያበጠ ጠባሳ ቁስሉ በሚገባ ከገጠመ በኋላ ቫዝሊን ተቀብቶ በየቀኑ በጣት ጫፍ ቢታሽ ይለሰልሳል፡፡ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገውን ግን አታስቆርጡ፣ አታስተኩሱም፤ ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው በልጦ ይመለሳል፡፡

ወደ ቅባቱ ስንመጣ፣ «ያነጣል» የተባለውን ከመግዛታችሁ በፊት በዕቃው ላይ ሦስት ስሞችን ፈልጉ፤ ሜርኩሪ (ባዜቃ)፣ ሃይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶል፡፡ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ተማሪ ሊያግዛችሁ ይችላል፡፡ ባዜቃ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ በማሕፀን ላለ ልጅም ይተርፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያለውን ቅባት የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ፊትን መልሶ ያጠቁራል፤ ክሎቤታሶል ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፡፡ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት ጭራሽ አትግዙ፡፡

ከሁሉ የሚያሳስበን የሕፃናት ቃጠሎ ነው፡፡ ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ ጣቶቹ በቃጠሎ ታጥፈው ስለቀሩ እስክሪብቶ የሚይዘው በችግር ነው፡፡ ልጅ ሲቃጠል ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፡፡ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቧንቧው ውሃ ስለሚሞቅ ጥላ ውስጥ ከቆየ ጀሪካን ቅዱ፤ ውሃው ካነሰ በሳፋ እየተቀበላችሁ ያንኑ ንጹሕ ውሃ መልሳችሁ አፍስሱ፡፡ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አይቀባ፡፡ ፊት፣ እጅ፣ አንገት ወይም መጋጠሚያ ከተቃጠለ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፡፡

በቤት የማይሞከሩም አሉ፡፡ ከደጋ ይዘውት የመጡት፣ ለወራት የማይድን የፊት ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፡፡ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ጥጥ ሲነካው የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ለምጽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩ፡፡ መድኃኒቱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በነፃ የሚያቀርብ ሲሆን፣ በጊዜ የጀመረ ሰው አካሉ ሳይጎድል ይድናል፡፡