ጂኦሎጂ ደረሰኝ ብላችሁ ለምታለቅሱ ሁሉ

እናንተዬ፣ ይሄ የዲፓርትመንት ምደባ የሚሉት ነገር ስንቱን አስለቅሶ ይሆን? ልጁ አንደኛ ምርጫው ሜዲሲን፣ ሁለተኛው ፋርማሲ፣ ሦስተኛው ኮምፒዩተር ሳይንስ ነበር። ጂኦሎጂን የሞላው ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብሎ ነው። ዝርዝሩ በሰሌዳም ይለጠፍ በቴሌግራም ይለቀቅ፣ በጣቱ እየተከተለ ስሙ ጋ ሲደርስ... ጂኦሎጂ! ክው ነው የሚለው። ከዚያ ደግሞ ለቤተሰብ መናገር የሚባል ሌላ ፈተና አለ።

እኔንም ያጋጠመኝ ይሄው ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ድንጋይ ለመልቀም ነው ይሄን ያህል አገር አቋርጠሽ የሄድሽው? ደጃችን ሞልቶ የለ እንዴ!» አለችኝ። አባቴ ምንም አላለም፤ ያባቴ ዝምታ ግን ከናቴ ንግግር ይከብዳል። ያኔ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ፣ ኤሌክትሪካል የደረሰው፣ እንባው እስኪመጣ ነው የሳቀው። (አሁን አብረን የለንም፤ በሳቁ ምክንያት ግን አይደለም።)

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳችኝ ሰሞኑን «ትቼው ቤት ልቀመጥ ወይስ ልማረው?» ብላ ያማከረችኝ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ናት። እኔ ተምሬው የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሳላጋንን እነግራችኋለሁ። ፊዚካል ጂኦሎጂ የምትባለዋን የመጀመሪያዋን ኮርስ ሳትወስዱ አትወስኑ። አንድ ሴሚስተር ናት። ከዚያ በኋላ ካልጣማችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ኮርሷ እንግዲህ ከማዕድንና ከአለት ትጀምርና በእሳተ ገሞራ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በወንዝና በከርሰ ምድር ውሃ፣ በናዳ አድርጋ ትጨርሳለች። ላብ ስትገቡ ትሪ ላይ የተደረደሩ ጠጠሮች ይጠብቋችኋል። ፍሪድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣት የጥንካሬ መለኪያ አለች፤ ከ1 እስከ 10። አንድ ታልክ ነው፣ ለሕፃናት ፓውደር ሲሠራበት የኖረው። ሁለት ጂፕሰም፣ ሦስት ካልሳይት፣ ሰባት ኳርትዝ፣ አሥር አልማዝ። የሰው ጥፍር ሁለት ተኩል ገደማ ነው፤ ጂፕሰምን ይቧጭራል፣ ካልሳይትን አይነካውም። እናም የኛ ክፍል ሴቶች ጥፍራቸውን ያሳድጉ የነበረው ለፋሽን ብቻ አልነበረም፣ እመኑኝ!

ይቺን ደግሞ ለኪሳችሁ ያዟት። ፓይራይት የሚባል እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ማዕድን አለ። ያልተቀባ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ስትፈትጉት ወርቅ ቢጫ መስመር ሲተው ፓይራይት ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ይተዋል። «ከገጠር የመጣ ወርቅ ነው፣ በርካሽ ልስጥሽ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የተሰበረ የሲኒ ቂጥም ይበቃል።

ከዚያ አሲዱ አለ። በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት የኖራ ድንጋይ አረፋ ይደፍቃል። እብነ በረድም እንደዚያው፤ ምክንያቱም እብነ በረድ ማለት መሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት የበሰለ የኖራ ድንጋይ ነው። ሎሚና አቼቶም አሲድ ናቸው። የእብነ በረድ ጠረጴዛችሁን «ቅባቱ ይለቅ» ብላችሁ በሎሚ የምትወለውሉ እመቤቶች፣ ቅባቱን ሳይሆን ድንጋዩን እየበላችሁት ነው።

መቼም ሁሉ ነገር ማር ነበር አልልም። አስተማሪያችን ስላይዱን ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን፤ ለስድሳ ልጅ የነበሩት የእጅ ማጉያዎች አራት ናቸው። ፈተናው ግን ያን አያውቅም። ቁጥር የተለጠፈባቸው ድንጋዮች ተደርድረው በየተራ ትቆማላችሁ፤ ሲጨበጨብ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። የሃንድአውቱን ፎቶ ሸምድዶ የገባው የክፍላችን ሰቃይ እዚያ ጋ ነው ላብ ያጠመቀው። ድንጋይ እንደ ፎቶው አይሆንማ! አንዱ ባዛልት ጥቁር ነው፣ አንዱ ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ አንዱ እንደ እንጀራ ዓይን አለው።

መፍትሔው በነፃ የሚገኝ ነው፤ መንገድ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። የምትረግጡት ኮብልስቶን ብዙውን ጊዜ ባዛልት ነው። ለመሠረት ሙሌት የሚደፋው ቀይ አሽ ከእሳተ ገሞራ አፍ ተተፍቶ የወደቀ ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በባልዲ ሞክሩት። ትልልቅ ሕንፃዎች የሚለብሱት የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የአክሱምን ሐውልት ደግሞ «ግራኒት ነው» ሲሉ ሰምታችኋል፣ አይደል? ኔፈሊን ሳይናይት ነው። ግራኒት ኳርትዝ አለው፣ ይሄኛው የለውም። ለሰው ስታርሙ ግን ረጋ ብላችሁ ይሁን፤ እኔ ሠርግ ላይ አርሜ አንድ አዛውንት እስካሁን አኩርፈውኛል።

ወደ ፊልዱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ልቤን የወሰደው እሱ ነው። የኛ ባች የሄደው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን፣ የአባይን ገደል ቁልቁል ነው። ገደሉ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። አውቶቡሱ በዞረ ቁጥር ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል። አፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቆ የፈሰሰ፣ የሰሜኑን ደጋ አብዛኛውን ያለበሰ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከሱ ሥር ነጭ የጂፕሰም ንብርብር። ወደ ወንዙ ስትጠጉ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ።

መኪናው ቆሞ የኖራ ድንጋዩ ላይ ስንበተን አንዷ ጓደኛችን ጮኸች። እባብ መስሎን ሮጥን። በእጇ የያዘችው የባህር ዛጎል ነበር፣ ድንጋይ የሆነ! ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ቦታ ባህር ነበር። ጂፕሰሙም ጥልቀት የሌለው የባህር ውሃ በፀሐይ ሲተን የቀረ ነው። ይሄን በክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ ነበር፤ ዛጎሉን እስክነካው ግን እኔ ዘንድ ወሬ ነበር። ከታች አባይ እየጮኸ፣ ከላይ ላም የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ይለናል።

ሴቶች ልጆች፣ ማንም የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ። ፊልድ ላይ መጸዳጃ ቤት የለም። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፣ ሁለቱ ይዘው አንዷን ይጋርዳሉ። ቀናችሁ ቢደርስም ባይደርስም ሞዴስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ አድርጋችሁ ገደል እንዳትወርዱ። ውሃ ከሁለት ሊትር አያንስ። «ሴት መዶሻ አይሆንላትም» የሚል ወንድ አይጠፋም፤ የኛው ልጅ ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ያሸከመን እሱ ራሱ ነበር።

ሌላም አለ። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የዶርም ልጅ ጥርሱ ቡናማ ስለሆነ «አይፍቅም» ብላችሁ አምታችሁታል? የከርሰ ምድር ውሃ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ታፍራላችሁ። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ፍሎራይድ አለ፤ ሞቃትና ካልሲየም ያነሰው ውሃ ያንን ያሟሟና ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ልጁ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ የጠጣው ነው። የብሩሽ ጉዳይ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጡም እንደዚያው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሰው በሌሊት ፒጃማውን ለብሶ ሲወርድ ነበር። ከመለኪያው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ንዝረቱ አሥር እጥፍ፣ ኃይሉ ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አራትና አምስት ጎረቤት አይደሉም። አገሪቱ የምትንቀጠቀጠውም ያለ ነገር አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተከፍቶ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ስምጥ ሸለቆ እየሰፋ ነው ማለት እንዲህ ነው።

ሥራ ይገኛል ወይ ለምትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ እንደ ሐኪም አይጠሯችሁም። የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ፣ የመንገድና የግድብ ጥናት፣ የወርቅና የሌላ ማዕድን ፍለጋ፣ የጂኦተርማል ሥራ አለ። አብዛኛው በረሃ ነው። አብረውኝ ከተመረቁት ሥራ ፈትተው የከረሙ አሉ፣ ሞያውን ጥለው ንግድ የገቡም አሉ። እኔ ራሴ ስምንት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። ይሄንን ደብቄ «ግቡ» ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። ያመጣችው ገንዘብ አንድ ቤት ይገዛል፣ ሁለት አይገዛም። አንድ ደላላ መሠረቱ የወጣ፣ ግድግዳው የተጀመረ ቤት አገኘላትና ቀብድ ከፈለች። «ነይ እይልኝ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» ብላ ወሰደችኝ። የፈለገችው የበሩን አቅጣጫ እንዳይላት ነበር።

ቦታው ወንዝ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ በኩል ያለው የመብራት ምሰሶ ወደ ወንዙ ዘምሟል። የጎረቤቱ ቆርቆሮ አጥር ከማዕዘኑ ተለያይቷል። ከአጥሩ በላይ ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ መሬት ላይ አየሁ። ናዳ የተማርንበት ቀን ሰሌዳው ላይ የተሳለው ሥዕል ማለት ነው፤ ተዳፋት፣ ልል አፈር፣ ከሥሩ ውሃ የሚያቁር ዋልካ፣ ከላይ ክብደት። ክረምት ሲገባ ውሃው አፈሩን ያከብደዋል፣ መያዣውንም ያላላዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከ200 በላይ ሰው የቀበረው ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጣ ናዳ ነው፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ያንን ዜና የሰማሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

«አክስቴ፣ ከመፈራረምሽ በፊት ይቆፈር» አልኳት። ደላላው «እናቴ፣ ልጅቷን አትስሚያት፣ ይሄ እኮ አለት ነው!» አለ። የቀን ሠራተኛ ጠርተን አስቆፈርን። ግማሽ ሜትር ላይ አፈር፣ አንድ ሜትር ላይ የጡብ ስብርባሪ፣ ሁለት ሜትር ላይ ፌስታልና የልጅ ጫማ ሶል ወጣ። ቆሻሻና ፍርስራሽ ተደፍቶ የተደለደለ ቦታ ነው! አክስቴ ጫማውን በእንጨት እየገለበጠች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ «እንሂድ» አለችኝ። ቀብዱ ቀለጠ፤ ደላላው ስልኩን ዘጋ።

ቤቱን ሌላ ሰው ገዝቶት ጨርሶ ገብቶበታል። ሁለት ክረምት አልፏል፣ አልወደቀም። አክስቴ በዚያ በኩል በታክሲ ባለፍን ቁጥር ቤቱን ታይና እኔን ታየኛለች። እኔም የማየው ምሰሶውን ነው፤ ከበፊቱ ይበልጥ ዘሟል። ባለቤቱን ሄጄ ነግሬዋለሁ። «ምቀኛ» ብሎኛል።

ባለፈው ወር ሌላ ቦታ አገኘሁ ብላ ደወለችልኝ። ሜዳ ነው፣ አፈሩ ግን ጥቁር ነው አለች። ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሸማቀቃል፣ ቀለል ያለ መሠረት ሲሆን ግድግዳውን ይተረትረዋል፤ ግን እንደ ወንዙ ዳር አይደለም፣ አፈሩን አውጥቶ ወይም መሠረቱን አጠንክሮ መሥራት ይቻላል፣ ወጪው ይጨምራል እንጂ። ይሄን ሁሉ ሳስረዳት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እሺ፣ ስንት ሜትር ይቆፈር?» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ አለን። ቆፋሪውን የቀጠረችው እሷው ራሷ ናት።