የቀፊራ ዘበኛ ውሻ ሒሳብ፦ መርፌው ይከብዳል ወይስ ንክሻው?

ቀን በሰው፣ በአህያና በጋሪ የሚጨናነቀው የድሬዳዋው ቀፊራ ሲመሽ ሌላ ገጽታ ይይዛል። አትክልትና ቅመም ሻጮች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የሱቅና የመጋዘን በሮች ይዘጋሉ። በየደጃፉም ውሾች ይጋደማሉ። በዚያ ሰዓት ከበሩ ጀርባ ያለው የጨርቅ ጥቅል፣ የስኳርና የሩዝ ጆንያ ሀብትነቱ የነጋዴው ቢሆንም፣ ጥበቃው በከፊል የውሻው ነው።

ለመሆኑ ይህ ዘበኛ በነጋዴው የወጪ መዝገብ ላይ ስንት ብር ተይዞለታል? ብዙውን ጊዜ ምንም። የሰው ዘበኛ ደመወዝ አለው፤ ቁልፉም፣ ሰንሰለቱም፣ የበሩ ቆርቆሮም ዋጋ አላቸው። ውሻው ግን ትርፍራፊ በልቶ ያድራል። የሐኪም ነገር ሲነሳለት «አቦ፣ ለውሻ ደግሞ ሐኪም!» ተብሎ ይታለፋል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ስህተት አለ እንላለን። ለአንድ ውሻ መደበኛ ሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ነጋዴው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፤ የሚያከብደው በተናጠል መገዛቱ ነው። ያልተከፈለው ወጪ ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም። መጀመሪያ በሌላ ሰው ኪስ ላይ ያርፋል፣ ኋላም ዞሮ የውሻውን ባለቤት በር ያንኳኳል።

ወጪው ምን ምን ነው?

አንድ ጤናማ ውሻ በዓመት የሚያስፈልገው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ይሰጣል። በሽታው በተስፋፋበት አገር ሐኪሞች በየዓመቱ እንዲሆን ይመክራሉ።

ሁለተኛው ቡችሎችን ከሚጨርሱ በሽታዎች የሚከላከለው ጥምር ክትባት ነው። ከእነዚህ አንዱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ፓርቮ ነው። ይህ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደጋገማል። ሦስተኛው የትል መድኃኒት ሲሆን፣ ለአዋቂ ውሻ በየሦስት ወሩ፣ ለቡችላ ግን ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። አራተኛው የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ ነው። አምስተኛው፣ ብዙ ሰው ከሒሳብ የማያስገባው፣ የሐኪሙ የመንገድና የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ገንዘብ ያጠረው ባለ ውሻ ሁሉንም ባይችል የእብድ ውሻ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ያስቀድም። ሁለቱም ከውሻው አልፈው ሰውንና ከብትን የሚጠብቁ ናቸውና።

ዋጋውን የሚያንረው ምንድን ነው?

ነጋዴ ዋጋ ሲሰማ «ከምን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። እዚህም እንጠይቅ።

አንደኛው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ የሚገባ የእንስሳት ክትባትና መድኃኒት ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ከፋብሪካ እስከ መርፌ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የማቀዝቀዣው መብራት፣ የበረዶው ሳጥን፣ መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ብልቃጥ ሁሉ በስተመጨረሻ ዋጋው ላይ ይደመራል። ቅዝቃዜው የተቋረጠበት ክትባት ደግሞ በመልኩ ላይለይ ይችላል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውሻው ተወግቶ፣ መከላከያው ግን የለም።

ሦስተኛው የብልቃጡ መጠን ነው። ክትባቱ ለአንድ ውሻ በሚሆን ብልቃጥም፣ ለአሥር ውሻ በሚሆን ብልቃጥም ይመረታል። የአሥሩ በነፍስ ወከፍ ይረክሳል፤ ነገር ግን አንዴ ከተከፈተ በቶሎ ማለቅ አለበት። ለአንድ ውሻ ብሎ የአሥሩን መክፈት፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመብላት ሣጥን ሙሉ ገዝቶ ዘጠኙን እጅ መጣል ማለት ነው።

አራተኛው የሐኪሙ ጥሪ ነው። ሐኪም አንድ ውሻ ለማየት ቀፊራ ድረስ ቢመጣም፣ አሥር ውሻ ለማየት ቢመጣም የባጃጁ ሒሳብና የሚያጠፋው ጊዜ ብዙም አይለያይም።

በምሳሌ እንየው። የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የማንም ክሊኒክ ዋጋ አይደሉም። የሐኪሙ የጥሪ ክፍያ 1,000 ብር፣ የአንዱ ክትባት ዋጋ 200 ብር ነው እንበል። አንድ ነጋዴ ብቻውን ሲጠራ 1,200 ብር ይከፍላል። ጎን ለጎን ያሉ አሥር ነጋዴዎች ተነጋግረው በአንድ ጠዋት አሥር ውሻ ቢያስወጉ ጠቅላላው 3,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 300 ብር ይሆናል። ከአራት እጅ ሦስቱ ቀነሰ ማለት ነው። በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚያተርፍ ሰው ይህን ሊያስረዱት አይገባም፤ ለውሻው ግን ሁልጊዜ በችርቻሮ ይገዛል።

የንክሻው ደረሰኝ

አሁን ሌላውን ገጽ እንግለጥ። ያልተከተበ ውሻ ተሸካሚ ኩሊ ወይም ከሰል ልታወርድ የመጣች እናት ቢነክስ ምን ይከተላል?

የመጀመሪያው ሕክምና ርካሽ ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ወጪው ከዚያ ይጀምራል። በአገራችን ለረዥም ዓመታት ይሰጥ የነበረው፣ ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጀው የቀድሞ ክትባት 17 መርፌ ነበረው። አሥራ አራቱ በየቀኑ ያለ ፋታ የሚሰጡ ነበሩ። በአዲሱ ዓይነት ክትባት ምልልሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብቻ ሆኗል። ቢሆንም በቀን ሥራ የሚያድር ሰው አምስት ቀን ከሥራ ሲቀር አምስት ቀን ጾሙን ያድራል፤ ከገጠር የመጣ ከሆነም የትራንስፖርቱና የማረፊያው ወጪ ይጨመርበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአንድ ተነካሽ ሕክምና ከጉዞና ከቀረ ገቢ ጋር በዓለም አማካይ 108 ዶላር እንደሚደርስ ይገምታል። ይህ በቀድሞው ምንዛሪ ከ6,000 ብር በላይ ነበር፤ ዶላር 100 ብርን ከተሻገረ ወዲህ ደግሞ ከ10,000 ብር ያልፋል። በምሳሌያችን ላይ ካለው የ300 ብር ድርሻ ጋር አንባቢ ራሱ ያነጻጽር።

ገንዘብ ያላገኘ ወይም «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ የተዘናጋ ሰው ዕዳ በብር አይከፈልም። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ፍጻሜው ሞት ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ 2,700 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ደረጃ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

«የተነከሰው ሌላ ሰው ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ነጋዴ ካለ ሕጉን ያንብብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» ማለት አያድንም። መጋዘኑን ለሌባ ፈርቶ ውሻ ያሰረ ሰው፣ ሳያውቀው ያልተጻፈ ዕዳ በደጁ አስሯል።

የከብትና የሥጋ ነጋዴው ድርሻ

ጉዳዩ የመጋዘን ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ያበደ ውሻ ሰውን፣ አህያንና ፍየልን፣ ከብትንና ግመልን ለይቶ አይነክስም። በሽታው የያዘው ከብት መድኃኒት የለውም፤ ሥጋውም ወተቱም ለገበያ አይሆንም። አንዲት የጭነት አህያ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ በሆነችበት አገር ይህ ኪሳራ ትንሽ አይደለም።

ከትል መድኃኒቱም ጋር የሚያያዝ የገበያ ጉዳይ አለ። በቄራ ከብት ታርዶ ሲመረመር ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኝና ይጣላል። የዚህ ምንጩ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትንሽ የኮሶ ትል ነው። ውሻው ከረጢት ያለበትን ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ትሉ ይይዘዋል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር በሣርና በውሃ ላይ ይወድቃል፤ ፍየሉ፣ በጉ፣ በሬውና ግመሉ ይግጡታል፤ ሰውም ባልታጠበ አትክልትና እጅ ሊውጠው ይችላል። በዚህ ዓይነት ባለ ሥጋ ቤቱ ዛሬ «ለውሻው ይሁን» ብሎ የወረወረው የተበላሸ ጉበት ነገ ጤነኛ ጉበት ሆኖ ሊሸጥ የሚችለውን ያበላሽበታል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ይህን ዑደት ይቆርጠዋል፤ የተበላሸውን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል ደግሞ ከመድኃኒቱም ይረክሳል።

ባለቤት የሌላቸውስ?

«እኔ የራሴን ባስከትብ፣ የገበያው ውሻስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። ባለሙያዎች እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። መቶ ከመቶ አይጠየቅም። ባለቤት ያላቸው ውሾች በሙሉ ቢከተቡ ወደዚያ ቁጥር ለመድረስ ትልቁ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።

ከተሞቻችን ለብዙ ዘመን የያዙት ዘዴ መርዝ ነበር። ነገር ግን የተገደለውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ከገጠር ወይም ከሌላ ሠፈር መጥቶ ይይዘዋል፤ በሽታውም አብሮት ይገባል። አዲስ አበባ ከባድ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደገጠማት የተመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ከተገደለ በኋላም በሽታው አልለቀቀንም።

እንደ ድሬዳዋ ሞቃት የሆነችው የቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በተደረጉ ሁለት ዘመቻዎች ከከተማዋ ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ተከትበው የበሽታው መተላለፍ ለወራት ቆመ። ኋላ ግን ካልተከተበ አካባቢ በመጡ ውሾች ምክንያት ተመልሶ ገባ። ከየገጠሩ ሰውና ከብት የሚገናኝበት ቀፊራ ከዚህ የሚማረው፣ ክትባት እንደ ዓመታዊ ግብር እንጂ እንደ አንድ ጊዜ መዋጮ የማይታይ መሆኑን ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በታች ያለውን ለነጋዴው እንመክራለን።

1. በአንድ መደዳ ያላችሁ ባለ ሱቆችና ባለ መጋዘኖች የውሾቻችሁን ቁጥር መዝግቡ። አሥር ሲሞላ አንድ ቀን ቁረጡና ሐኪም በጋራ ጥሩ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ቢሆን ይመረጣል።

2. ዋጋውን ስትደራደሩ ክትባቱን፣ የትል መድኃኒቱንና የጥሪ ክፍያውን ለያይታችሁ ጠይቁ። ሦስቱ ሲደባለቁ የቱ ላይ እንደምትቀንሱ አታውቁም።

3. ብልቃጡ ከበረዶ ሳጥን ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ የአገልግሎት ዘመኑን አንብቡ። ከመደርደሪያ ላይ የወጣ ክትባት በነጻም አይወሰድ።

4. የክትባት ካርዱን ከንግድ ፈቃዱ ጋር አስቀምጡ። ውሻው ሰው ቢነክስ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

5. የነከሰ ውሻን ወዲያው አትግደሉ። ከተቻለ ታስሮ ለአሥር ቀን በሐኪም ክትትል ይቆይ፤ የተነከሰው ሰው ግን ያንን ሳይጠብቅ፣ ውሻው የተከተበ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የቀፊራ ውሻ በልቶ እየጮኸ ነው፤ ሥራውን አላጓደለም። የጎደለው በጌታው መዝገብ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። መጪው የበጀት ዓመት ሲከፈት፣ ከዘበኛው ደመወዝና ከቁልፉ ዋጋ በታች ያቺ መስመር ትጻፍ።